በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ያልነበሩት

በወልደማርያም ሥራ ቤት ከወረቀት የሚቀድም ነገር አልነበረም። ደንበኛ ሲገባ ወንበር ይሳብለታል፤ ማራገቢያዋ ፊቷን ወደ እሱ ታዞራለች፤ የሮቢት ሙቀት ትንሽ ፋታ ሲሰጠው ወልደማርያም መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያሳርፍና «እሺ፣ ዕቃው ምን እንዲያደርግልዎ ነው የፈለጉት?» ይላል። የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋል፤ መልሶ ያነባል፤ ያስፈርማል። ከዚያ ወዲያ ከወረቀቱ ውጭ አንዲት ሽቦ አትጨመርም፣ አንዲትም አትቀነስም።

ሥራ ቤቱ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ነበር። በሩ ላይ «ወልደማርያምና ካሚል የኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ሥራ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቴፕ ሊያስጠግን የመጣ ሰው «ጥገና እዚያ ማዶ ነው» ተብሎ ሲመለስ «ታዲያ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልሰው ካሚል ነው። «ሰው ገበያ ላይ የሌለ ዕቃ ያምረዋል፤ እኛ እንሠራለታለን።» እውነቱን ነበር። መብራት ሲወዛወዝ የወፍጮ ሞተር እንዳይቃጠል የሚያደርግ ሳጥን ሠርተዋል። ጫጩት ለምታስፈለፍለው ለእመቤት፣ ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉን ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሠርተውላታል። ወልደማርያም ወረቀት ላይ ያሰላል፤ የአገሩ ልጅ ካሚል፣ በሬዲዮ ጥገና ያደገው፣ ሽቦን በጣቱ እየዳበሰ ያቆመዋል።

ይህን የወረቀት ነገር ወልደማርያም እንዲሁ ከራሱ አላመጣውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት በመሐንዲስነት ሠርቷል። መንግሥት ተለውጦ የግምገማው ዘመን ሲመጣ፣ ማንም ሳያዘው በአንድ መሣሪያ ላይ የጨመራት ትንሽ ማሻሻያ ተነሣችበት። ማሻሻያዋ መሣሪያውን አላበላሸችውም፤ እንዲያውም አድናዋለች። ግን የተጠየቀው ይህ አልነበረም። «ማን ፈቀደልህ?» ነው የተባለው። ትናንት አብረውት ምሳ ይበሉ በነበሩ ሰዎች ፊት ሦስት ቀን ቆሞ ለዚህች ጥያቄ መልስ አጣ። ከሠራተኛ ቅነሳው ጋር ወደ እናቱ አገር ሲመለስ የያዘው ትምህርት አንድ ነበር፤ ያልታዘዝከውን አትሥራ፣ የታዘዝከውን አስፈርም። ሰው በቆሰለበት ቦታ ላይ ጋሻ ይሠራል። ጋሻው ሲገዝፍ ደግሞ ከወዲያ የቆመውን ሰው ፊት ይጋርዳል፤ ይህ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ጥር ላይ የፓምፕ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር በቀለ ወደ ሥራ ቤቱ መጣ። በበጋው ወራት የሮቢ ወንዝ ሲቀጥን፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለሙት ገበሬዎች ፓምፖቻቸውን አሸዋው መሃል ያቆማሉ። በልግ ሲገባ ችግር ይመጣል። ቆላው ላይ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ እየሮጠ፣ ደጋው ላይ ግን ዝናብ ይጥላል። ያ ውሃ ገደሉን ወርዶ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ ስሙም ደራሽ ነው። ሰማይ አይቶ መጠንቀቅ አይቻልም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

«ኢንጂነር» አለ በቀለ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «እስካሁን የኖርነው በጩኸት ነው። ላይኛው ያያል፣ ይጮሃል፤ የሚቀጥለው ይቀበላል። እኛም እንደ ሰው በማሽን እንጠራ እንጂ።»

«ዕቃው ምን እንዲያደርግ ነው?»

«ደራሽ ሲመጣ ይጩህ። ፓምፓችንን እናውጣ። በቃ።»

ወልደማርያም ጻፈ። አነበበ። በቀለ ፈረመ።

ለጥናት ወደ ወንዙ ሲወርዱ ካሚል «ሙሀባን ሳናነጋግር እንዳንመለስ፤ መጀመሪያ የምትጮኸው እሷ ናት» አለ። የሙሀባ ማሳ ቀይ ገደል ከሚባለው ጠመዝማዛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ቤቷ ደግሞ ከማሳው በላይ ጉብታው ላይ። ከእሷ ቁልቁል ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሲሄዱ የሰውና የአህያው መሻገሪያ አለ። ድምፅዋ ከገደሉ እስከ መሻገሪያው ይሰማ ነበር። ባሏ አብዱልሀኪም «እኔ ቤት ውስጥ የምትቆጣኝን ገበያ ላይ ይሰሙታል» እያለ ይስቅባት ነበር። ያን ቀንም አካፋውን ተደግፎ አጠገቧ ቆሟል።

ወልደማርያም ማስታወሻውን ገለጠ። «እትዬ ሙሀባ፣ ውሃው ስንት ሜትር ሲደርስ ነው የሚጣሩት?»

«ሜትር ከደረሰማ ምኑን ተጣራሁት፣ ጋሼ?»

አብዱልሀኪም ሳቀ። «መልሺላቸው እንጂ፤ እንደ መንግሥት ነው የሚጽፉት።»

«መልሻለሁ» አለችው። ወደ ወልደማርያም ዞረች። «መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። ደረቅ እበት ላይ ውሃ ሲፈስበት እንዳለው ዓይነት። ከዚያ ገለባ፣ ቀጥሎ አረፋ። ከዚያ ቁርጭምጭሚት የምታርስ ውሃ ትመጣለች፤ መንገድ ጠራጊዋ እሷ ናት። ግድግዳው ከኋላዋ ነው። አንዳንዴ መንገድ ጠራጊዋ ብቻ መጥታ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።»

«ጮኸው ሲያበቁስ?»

«አላበቃም። ከመሻገሪያው ሰው ‹ሰማን› እስኪለኝ እጮሃለሁ። ካልመለሱልኝ አላቆምም። የአባቴም ደንብ ይኸው ነበር።»

ወልደማርያም በእርሳስ «ሽታ፣ ገለባ፣ አረፋ፦ አይለካም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም «እስኪመልሱላት አታቆምም» አለ። ለምን እንደጻፈው ራሱም አላወቀም፤ ምክንያቱም የሚሠሩት ዕቃ የሚጮህ እንጂ የሚሰማ አልነበረም።

ዕቃው ቀላልና ያማረ ሆነ። ቀይ ገደል ላይ ሁለት የብረት ዘንጎች ከድንጋዩ ጋር ታሰሩ፤ ውሃ ሁለቱን ሲነካ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኛል፤ በምሰሶ የተዘረጋው ሽቦ ምልክቱን ወደ መሻገሪያው ያደርሳል፤ እዚያ ሳይረኑ ይጮሃል። የዘንጎቹ ጫፍ መንገድ ጠራጊዋ በምትደርስበት ልክ ነበር። በመጀመሪያው በልግ ሁለት ጊዜ እውነተኛ ደራሽ መጣ፤ ሳይረኑ ቀደመ፤ አንድም ፓምፕ አልተወሰደም። በቀለ በግ ይዞ መጣ።

ችግሩ በዚያው ሰሞን ነው የጀመረው። መንገድ ጠራጊዋ ብቻ መጥታ የቀረችባቸው ቀናት ነበሩ። ከብትም ተሻግሮ ውሃ ሲረጭ ሳይረኑ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር አራት አራት ሰው ተሸክሞ ፓምፕ ያወጣል፤ ግድግዳው አይመጣም፤ መልሶ ያወርዳል። በታኅሣሥ በቀለ እንደገና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ኢንጂነር፣ ዕቃችሁ እንደ ሙሀባ ሆነብን። ዘንጉ ከፍ ይበል። አንድ ክንድ ይበቃል። ግድግዳው ራሱ ሲመጣ ብቻ ይጩህ፤ ፓምፕ ለማውጣት እኛ አናንስም፤ ወገባችንን ታጥቀን ነው የምንቆመው።»

ወልደማርያም ጻፈ። ካሚል ከበስተኋላ የብየዳ ብረቱን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ የሚሻገረው ሰውስ?»

«የትኛው ሰው?»

«መሻገሪያ ላይ ያለው። ሴቶቹ፣ አህያ ነጂዎቹ። እነሱ ፓምፕ የላቸውም። ወገባቸውን ታጥቀው አይቆሙም።»

«እነሱ አላዘዙንም፣ ካሚል።»

«ሳይረኑን ግን ይሰሙታል።»

ወልደማርያም ቀና ብሎ አየው። አንድ ቃል ብቻ ቢጨምር፣ «በቀለ፣ ለሚሻገሩት ሌላ ዝቅ ያለ ዘንግ እንጨምር» ቢል፣ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ያ የስብሰባ አዳራሽ ድምፅ መጣ፦ ማን ፈቀደልህ? ወረቀቱን ለበቀለ አዞረለት። በቀለ ፈረመ። በማግስቱ ወልደማርያም ራሱ ገደሉ ላይ ወጥቶ ዘንጎቹን በገዛ ክንዱ ለካ፤ አንድ ክንድ ከፍ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሳይረኑ ዝም ያለ ቀን ሁሉ የሰላም ቀን ሆነ። ሙሀባ አንድ ሁለት ጊዜ ተጣራች፤ ግድግዳው አልመጣም። «ሙሀባ ከማሽኑ ልትሽቀዳደም ነው» አሉ። አንዱ ወጣት «እትዬ፣ ባትሪዎ አልቋል» አላት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ተወችው።

በ1999 ሚያዝያ፣ ዓርብ ቀን፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አብዱልሀኪም አህያው ላይ ማሾ ጭኖ ወደ መሻገሪያው ወረደ። ሙሀባ ሽንኩርት ትኮተኩት ነበር። ሽታው መጣላት። ቀና አለች። ወደ ገደሉ አየች፤ ገለባ። አፏን ከፈተች። ሳይረኑ ዝም እንዳለ ነው። ከሳቁባት ቀን ጀምሮ አንደበቷ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር፤ ያ ነገር ያዛት። «ማሽኑ ዝም ብሏል እኮ» ብላ መኮትኮቷን ቀጠለች። ማሳው ዳር መንገድ ጠራጊዋ አለፈች። አብዱልሀኪምም መሻገሪያው ላይ ውሃው ሲደፈርስ አይቶ ይሆናል፤ እሱም ግን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሳይረኑን አምኗል። ሳይረኑ ሲጮህ መሃል ላይ ደርሶ ነበር። አህያዋ በድምፁ ደንግጣ ተገተረች። ጭነቱን ሊያወርድላት ሲታገል ግድግዳው መጣ። እሱን በማግስቱ፣ አሸዋ ላይ አገኙት።

ወልደማርያም ለቅሶ ሄደ። ወንዶቹ ከተቀመጡበት ዳስ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል። ሙሀባ አታለቅስም፤ ትናገራለች። «አፍንጫዬ ነግሮኝ ነበር። አፌን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ሴቶቹ «ተይ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ይሏታል። እሷ መልሳ ያንኑ ትላለች።

ወልደማርያም ማስላት የለመደ ሰው ነው፤ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ አሰላ። ዘንጉ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ቢሆን ሳይረኑ ከስድስት ደቂቃ በፊት ይጮህ ነበር። ተነሥቶ መጋረጃውን ገልጦ ይህን መናገር ነበረበት። የሷን ሸክም ከሷ ላይ የሚያነሣው ያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ጉልበቱ ተንቀሳቀሰ። ጎኑ የተቀመጠው በቀለ ጭኑን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ። ማሽኑ ጮኋል እኮ። በወረቀታችን መሠረት ነው የጮኸው።» ወልደማርያም ተመልሶ ተቀመጠ።

ካሚል በሳምንቱ ዕቃዎቹን በካርቶን ሰበሰበ። «ይንገሯት፣ ጋሼ» አለ። «እኔ ብነግራት ወሬ ነው የሚሆነው። ከእርስዎ ሲሆን ግን እውነት ነው።»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

ወልደማርያም ካርቶኑን አብሮ አሰረለት። ካሚል ከሚሴ ሄዶ የራሱን ቤት ከፈተ። ሰሌዳው ላይ ስሙ ቀረ፤ የሚፍቀው አልተገኘም።

ስድስት ዓመት አለፈ። የሳይረኑን ባትሪ ሰው ወሰደው፤ ሽቦው ተበጠሰ፤ ማኅበሩም ሞባይል ያዘና ረሳው። ዝናብ ሲመጣ ግን ኔትዎርኩም ይሄዳል። ሙሀባ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ወደ ወንዙ መውረድ ተወች። ወልደማርያም አንዳንዴ ገበያ ላይ ያያታል። ከገደል እስከ መሻገሪያ ይሰማ የነበረው ድምፅዋ፣ ሚዛን ከያዘችው ሴት ጋር ስትነጋገር ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን እስከምታስጠጋ ድረስ ወርዶ ነበር። ይህን ባየ ቁጥር ወደ ቤቱ የሚመለሰው በሌላ መንገድ ነው። ለራሱ ብዙ ምክንያት ሰጠ። ቁስሉን ለምን ልነካካ፣ አለ። ጊዜ ያሽረዋል፣ አለ። የተማረ ሰው ፍርሃቱን ርኅራኄ ብሎ ለመሰየም ቃል አያጣም፤ ትምህርት ከሚሰጠን ነገሮች ሁሉ ይህ አንዱ መጥፎ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ ዓይኑ ደከመና ሥራ ቤቱን ሊዘጋ ፋይሎቹን ማገላበጥ ጀመረ። የማኅበሩ ፋይል ውስጥ ያ የእርሳስ ማስታወሻ ወጣ። «እስኪመልሱላት አታቆምም።» ቁጭ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ዘንጉ ከፍ ይበል የሚለውን የትእዛዝ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ባጃጅ ጠራ።

ሙሀባ ጉብታው ላይ፣ ቤቷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ከማሾ ጠጠር ትለቅም ነበር። ሰፌዷን ሳታስቀምጥ በርጩማ ጠቆመችው። «ግቡ፣ ጋሼ። ደከሙ?»

«አርጅቻለሁ።» ወረቀቱን አወጣ። «እትዬ ሙሀባ፣ አንድ ወረቀት ላነብልዎ ነው የመጣሁት።»

አነበበላት።  ሲጨርስ «ድገሙት» አለች። ደገመው። እጇ ማሾው ላይ ቆመ።

«አንድ ክንድ» አለች። «የማን ክንድ?»

«የኔ።» ሳያስበው ቀኝ እጁን ዘረጋ። ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ አየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው።

«ስንት ደቂቃ ይሆናል?»

«ስድስት።»

«አብዱልሀኪም በስድስት ደቂቃ ያን ወንዝ ሁለት ጊዜ ይሻገረዋል።»

«አዎ።»

«አህያዋን እየጎተተም።»

«አዎ። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። የኔ ነው። በለቅሶው ቀን ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ እንዳለ ነው፤ ለመስማት ጎንበስ አለ። «ስድስት ዓመት አፌን ስጠላው ኖርኩ። ምግብ ስጎርስበት እንኳን እጠላው ነበር። አንተ ይቺን ወረቀት ይዘህ የት ነበርክ?»

እስከዚያች ቀን ድረስ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

«ሥራ ቤቴ ውስጥ» አለ ወልደማርያም። ወረቀቱን አጠፈ። «አፉ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላት።

«ውሃውን አፉ ብያለሁ። ራሴን ዛሬ ማለት እጀምር ይሆናል። አንተን ገና አላሰብኩበትም።» ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየች፤ ከጉብታው ላይ የገደሉ ቅላት ብቻ ይታያል። «አሁን ማነው የሚጣራው?»

«ማንም።»

«ማሽኑስ?»

«ወድቋል።»

«አንተስ አፍ የለህም?»

ሰፌዷን አነሣች፤ መልቀም ጀመረች። መሄድ እንዳለበት ገባው።

በዚያ በልግ ወልደማርያም፣ ደጋው ላይ ደመና በተቀመጠ ቀን ሁሉ፣ ከምሳ በኋላ ጃንጥላ ይዞ በባጃጅ ወደ ቀይ ገደል መሄድ ጀመረ። ባጃጅ ነጂው «ጋሼ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው?» ይለው ነበር። መሻገሪያው ላይ ኢንጂነሩ አእምሮው ተነካ የሚል ወሬ ተወራ። ድንጋዩ ላይ የዘንጎቹ ማሰሪያ ዝገት ቀርቷል፤ ሁለት ቡናማ ክቦች ናቸው፤ ከነሱም በታች፣ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ ሌሎች ሁለት። እዚያ ይቀመጣል። ያሸታል። ያን ሁሉ ዓመት አይለካም ያለውን ነገር በስልሳ ዓመቱ ይማራል።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሽታው መጣ። መጀመሪያ አላመነውም። ደረቅ እበት ላይ የፈሰሰ ውሃ። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ገለባ። ተነሣ።

«ደራሽ ነው፤ ውጡ።»

ድምፁ የሥራ ቤት ድምፅ ነበር፤ ከድንጋዩ አልፎ አልሄደም። ደገመው። መሻገሪያው በኩል የሰዎች ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ማንም ቀና አላለም። በዳርቻው ቁልቁል እየተንደረደረ ተጣራ። ጃንጥላው ወደቀ። ጉሮሮው ተሰነጠቀ። እንዲህ መጮህ በሕይወቱ ሞክሮ አያውቅም፤ በግምገማው አዳራሽ እንኳን አልጮኸም። መልስ የለም። ማሽን ቢሆን ግዴታውን ተወጥቷል፤ ያቆም ነበር። እሱ ግን ደንቡን ያውቃል። ተጣራ።

ከጉብታው ላይ ድምፅ መጣ። ብዙ ዘመን ተዘግቶ እንደ ቆየ በር መጀመሪያ ተንቋቋ፤ ከዚያ ተከፈተ።

«ሰማን።»

ወዲያው ያው ድምፅ በወልደማርያም ራስ ላይ አልፎ ቁልቁል ሄደ። «ደራሽ ነው፤ መሻገሪያ ያላችሁ ውጡ፤ ደራሽ።» መሻገሪያው ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ። አንድ ሰው የአህያውን ጭነት ገመድ በማጭድ በጥሶ አህያውን በዱላ አስወጣት። ከታች «ሰማን» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ነው ጉብታው ላይ ያለው ጥሪ ያቆመው።

ግድግዳው ሲመጣ ወልደማርያም በልማድ ሰዓቱን አየ። ከሽታው ዘጠኝ ደቂቃ። እጁ ኪሱን ዳበሰ፤ የሚጽፍበት ወረቀት አልነበረውም።

ወደ ጉብታው ቀና ብሎ አየ። ሙሀባ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ የምታየው መሻገሪያውን ነው፤ ወደ እሱ አልዞረችም። ሰማን ነው ያለችው። አፉ ብያለሁ አላለችም። ውሃው ጋብ እስኪል ቆመች፤ ከዚያ ገባች።